ከእሺ በኋላ የሚመጣው አቤት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ታደለ "ተቀመጥ" እስኪሉኝ ቆሜ ስጠብቅ ስልካቸው ደጋግሞ ጮኸ። በጮኸ ቁጥር አንስተው "እሺ፣ እሺ፣ ችግር የለም፣ እሺ" እያሉ ዘጉት። ደንበኞቹ ምን እንደጠየቁ አላውቅም። አቶ ታደለ ግን ነገሩን ለማንም ሲያስተላልፉ ወይም የሆነ ቦታ ሲጽፉ አላየሁም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው "ሥራህን ኦቦ ድሪባ ያሳዩሃል" አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቢሮው ቡራዩ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከቆርቆሮ መሸጫ በላይ ያለ ፎቅ ላይ ነበር። ታች ቆርቆሮ ሲጫን ላይ ያለነው አፍ ለአፍ እየተያየን እንግባባለን። የድርጅቱ ሥራ የፋብሪካ ኮንትሮለሮችንና የኔትወርክ ዕቃዎችን መከታተል ነው። ኮንትሮለር የምንለው ፓምፕ መቼ እንደሚነሳ፣ ቫልቭ መቼ እንደሚዘጋ የሚያዘውን ሳጥን ነው። ሳጥኑ የሚያዘው እኛ በሞላንለት ልክ ስለሆነ፣ የሞላንለትን እንዳይረሳ በየሳምንቱ "አስቀምጥ" የሚል ትዕዛዝ እንሰጠዋለን። መብራት ሄዶ ሲመለስ ውስጡ ባለው የማስታወሻ ካርድ ላይ ከተቀመጠው አንብቦ ሥራውን ይቀጥላል። ካልተቀመጠ ባዶውን ይነሳል።

ኦቦ ድሪባ ዋና ቴክኒሺያን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ከሽቦ ጋር የፈጁ፣ ግማሽ አማርኛ ግማሽ ኦሮምኛ የሚያወሩ፣ ኬብል እንደ መቁጠሪያ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከፍተው ኬብሉን አንድ ሳጥን ላይ ሰኩና ወደ ጥቁሩ ስክሪን እያመለከቱ ጠየቁኝ።

"አቤት ማለት ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ግማሹን ሥራ ታውቃለህ። ይሄም እንደ ሰው ነው። ስሙን ትጠራዋለህ፣ አቤት ይልሃል፣ ከዚያ ጉዳይህን ትናገራለህ። አቤት ሳይል ከተናገርክ ለግድግዳ ነው የተናገርከው። ቶሌ?"

"ቶሌ" አልኩ። በኦሮምኛ እሺ ማለት ነው። ቡራዩ ያደገ ሰው ይህችን ለመመለስ አስተርጓሚ አይፈልግም።

መጻሕፍቱ ፕሮምፕት ይሉታል። ማሽኑ ትዕዛዝ ለመቀበል ሲዘጋጅ ስሙን ይጽፍና ከጎኑ አንዲት ምልክት ያስቀምጣል። በተራ ተጠቃሚ ፓስወርድ ከገባችሁ ምልክቷ የቀስት ጫፍ የመሰለች ናት። በአስተዳዳሪ ፓስወርድ ከገባችሁ መሰላል ትሆናለች፤ የስልክ ካርድ ስንሞላ መጨረሻ ላይ የምንነካት ያቺው መሰላል። ኦቦ ድሪባ የቀስቷን ጫፍ "ወዬ"፣ መሰላሏን "አቤት" ይሏቸው ነበር። "ለእኩያው ወዬ ይላል፣ ለአለቃው አቤት ይላል። ወዬ ሲልህ ጠይቀው እንጂ አትዘዘው፣ አይሰማህም" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ከዚህ ያጠረ ማብራሪያ የሰጠኝ አሠልጣኝ የለም።

ደንበኞቻችን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ነበሩ። ካርታ ላይ ሲታዩ ሦስቱም ጎረቤታሞች ናቸው። በታክሲ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ግድ ነው። ወደ ሰበታ በአየር ጤና፣ ወደ ሱሉልታ በአዲሱ ገበያ። አንዲት "አስቀምጥ" የምትል ትዕዛዝ ጽፎ ለመመለስ ቀኑን ሙሉ ከረዳት ጋር ስንጨቃጨቅ እንውላለን። ፋብሪካዎቹ ኢንተርኔት ካስገቡ በኋላ ከቡራዩ ሆኖ መግባት ተቻለ። ቀጥሎም ከሰው ይልቅ ስክሪፕት ይግባ ተባለ።

ስክሪፕት በእኛ ሥራ ሰውን ተክቶ ከማሽን ጋር የሚነጋገር ጽሑፍ ነው። ውስጡ የረቀቀ ነገር የለም። ይህን ጠብቅ፣ ያን ላክ፤ ይህን ጠብቅ፣ ያን ላክ። አቤት እስኪል ጠብቅ፤ "አስቀምጥ" ብለህ ላክ፤ "ኦኬ" እስኪል ጠብቅ፤ ውጣ። የእኛን ስክሪፕት ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ሠራተኛ ጽፎት ሄዷል። ስሙን የሚያስታውስ አላገኘሁም። አናቱ ላይ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጎ "ይሠራል። አትንኩት።" ብሎ ጽፎበታል። እኛም ትዕዛዙን አክብረን ኖርን።

መንካት የግድ የሆነው ሰበታ ያለው የክር ፋብሪካ አዲስ ዕቃ የገዛ ጊዜ ነው። አዲሱ ዕቃ ባለ ቀለም ነበር። ስሙን በአረንጓዴ፣ ስህተትን በቀይ ይጽፋል። የፋብሪካው ሰዎች ቀለሙን ወደዱት። ስክሪፕቱ ግን ቆመ። ስክሪኑ ላይ ስሙም መሰላሏም ፊት ለፊት ይታያሉ፤ ስክሪፕቱ አቤት አላለኝም ብሎ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። እኔም ሰበታ ወርጄ ሳጥኑ ፊት ተቀምጬ አብሬው መጠበቅ ጀመርኩ።

የፋብሪካው ጥበቃ ሲመላለስ አየኝና ቀረበ።

"ማንን ነው የምትጠብቀው?"

"አቤት እንዲለኝ ነው።"

"ማን?"

ወደ ሳጥኑ አመለከትኩ። ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ። "ምሳ በልተሃል?" አለኝ። አልበላሁም ነበር። ከራሱ ምሳ ቆርሶ ሰጠኝ፤ ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር "እህ፣ አቤት አለህ ወይ?" እያለ ስለ ሳጥኑ ይጠይቀኝ ነበር።

ኦቦ ድሪባ ሲነገራቸው አልገረማቸውም። "ስክሪኑን አትመነው" አሉኝ። "በኬብሉ የመጣውን ሁሉ ፋይል ውስጥ ገልብጠው፤ ከዚያ ምንም ነገር በማይደብቅ ፕሮግራም ክፈተው።" ከፈትኩት። ስሙ አለ። መሰላሏም አለች። በመካከላቸው ግን ስክሪኑ ላይ ያልነበረ ጉድ ተደርድሯል፦ አንዲት የማትታይ ምልክት፣ ከዚያ ግራ ማዕዘን ቅንፍ፣ ከዚያ ቁጥር፣ ከዚያ ኤም የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል። "አረንጓዴ ጀምር"፣ "አረንጓዴ አቁም" ማለቱ ነው።

"ሳል ነው" አሉ ኦቦ ድሪባ። "አቤት ከማለቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ስክሪኑ ሳሉን ወስዶ ቀለም ስለሚያደርገው አንተ አትሰማውም። ስክሪፕቱ ግን ዓይን የለውም፣ ጆሮ ብቻ ነው። ሳሉንም ቃሉንም እኩል ይሰማል። 'ሰበታ መሰላል' በለኝ ብለኸዋል፤ እሱ 'ሰበታ እህህ መሰላል' ይልሃል። ስለዚህ አልሰማሁም ይላል። እውነቱን ነው።"

ስክሪፕቱን ሳል እንዲዘል አስተማርኩት። የማትታየው ምልክት ከመጣች፣ ቅንፍ ከተከተላት፣ ከዚያ ቁጥሮች፣ ከዚያ አንዲት ፊደል፤ እሱን ሁሉ እንዳልሰማ ሁን አልኩት። ሠራ። በጣም ደስ አለኝ። ኦቦ ድሪባ ግን ሲያዩት "የቀለሙን ሳል ነው የምታውቀው" አሉኝ። "ሌላም አለ። ወደ ኋላ ተመለስ የሚል አለ፣ አጥፋ የሚል አለ። እሱን ስታገኘው ትነግረኛለህ።" ሳልነግራቸው ጡረታ ወጡና ተፍኪ አጠገብ ያለው እርሻቸው ላይ ገቡ።

በእሳቸው ቦታ እኔ ዋና ቴክኒሺያን ሆንኩ። በእኔ ቦታ ደግሞ ጫልቱ ተቀጠረች። ጫልቱ የገፈርሳ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ገበሬዎች ናቸው፤ ኮሌጅ የጨረሰች፣ ትንሽ የምታወራ፣ ያወራችውን የማትመልስ ዓይነት ሰው። የሙከራ ጊዜ ላይ ነበረች። ሥራዋ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ስክሪፕቱን ማስኬድና የመጣውን ውጤት ለየደንበኛው መላክ ነው። "ሱሉልታ፦ ኦኬ። ሰበታ፦ ኦኬ።" እኔ በቦታዋ ሳለሁ እንደነበረው ሁሉ በየሳምንቱ ኦኬ ነበር።

አንድ ቀን ሱሉልታ መብራት ሄደ። ይሄ ዜና አይደለም። መብራቱ ሲመለስ ግን የውሃ ማሸጊያው ፋብሪካ ኮንትሮለር ባዶውን ተነሳ። ፓምፖቹ ማን እንደሚቀድም አያውቁም፣ ቫልቮቹ መቼ እንደሚዘጉ አያውቁም። ማሸጊያው ቆመ፤ ጋኖቹ ሞልተው ግቢው ጎርፍ ሆነ። የፋብሪካው የቴክኒክ ኃላፊ ኢንጂነር ሳምሶን ኮንትሮለሩ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ስክሪን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቡራዩ ድረስ መጣ።

አቶ ታደለ ቢሮ ተሰበሰብን። ኢንጂነሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፎቶው ላይ በቀይ "ፌይልድ" ይላል፤ አልተቀመጠም ማለት ነው። ከስልኩ አጠገብ የጫልቱን የመጨረሻ ሪፖርት አደረገ። "ኦኬ" ይላል።

"ኦፕሬተሬን ጠየቅኩት" አለ። "ይቺ ቀይ ከታየች ሰንብታለች። የእናንተ ዕቃ ስለሆነ የእናንተ ጉዳይ መስሎት ዝም አለ። እሱን እኔ እቀጣዋለሁ። የእናንተዋ ግን ሳታይ ነው ኦኬ ብላ የምትጽፈው። ወይ ማሽኑ ይዋሻል፣ ወይ እሷ ትዋሻለች። ማሽን አይዋሽም።"

ጫልቱ "ኦኬ ብሎኛል" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

"አሁንም ትዋሻለች!" አለ ኢንጂነሩ።

አቶ ታደለ መሐል ገቡና "እሺ፣ እሺ፣ እርምጃ እንወስዳለን፣ እሺ" አሉት። እሱ ሲወጣ ጫልቱንም እንድትወጣ አድርገው እኔን አስቀሩኝ። "የሙከራ ጊዜዋ ስላላለቀ ነገሩ ቀላል ነው፤ ለሠራተኛ አስተዳደሯ ለወይዘሮ አስቴር ነግሬያለሁ፣ አንተ የቅርብ ኃላፊ ስለሆንክ 'ለሥራው አትመጥንም' ብለህ ጻፍልኝ" አሉኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሺ ብዬ እወጣ ነበር። ያን ቀን ግን "መጀመሪያ ማሽኑን ልየው" አልኳቸው። "እሺ" አሉኝና ስልካቸውን አነሱ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ሙሉ አልነበረም። ስክሪፕቱን አውቀዋለሁ፣ ለዓመታት ሲሠራ አይቼዋለሁ። ፎቶውንም አይቻለሁ። ልጅቷ አንድ ሐሙስ ሰንፋ ያለፈውን ገልብጣ ልካ ይሆናል የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይመጣብኝ ነበር። በማግስቱ ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ይህንኑ ሐሳብ ፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ።

"ጋሽ ደረጀ፣ እርስዎም ዋሸች ይላሉ?"

"አላውቅም" አልኳት።

ታክሲው እንጦጦ አፋፍ ደረሰ። ከዚያ የላፕቶፑን ቦርሳ ደረቷ ላይ እንዳቀፈች "ሥራውስ ይቅር" አለች። "ሌላ ይገኛል። እኛ ቤት ግን ውሸታም ተብሎ መባረር እንደ ስድብ አይታይም፣ እንደ ፍርድ ነው። አባቴ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ልጅህ ዋሽታ ተባረረች ካሉት፣ ነገ ማን ፊት ተቀምጦ ነው እውነቱን አውጡ የሚለው?"

ያን ጊዜ ነው ጉዳዩ የደመወዝ እንዳልሆነ የገባኝ።

ሱሉልታ እንደ ልማዷ ነፋሷን ለቃብናለች። ኢንጂነር ሳምሶን ራሱ ኮንትሮለሩ ያለበት ክፍል ወስዶ ከበላያችን ቆመ። መጀመሪያ በእጄ ገባሁ። አቤት አለ። "አስቀምጥ" ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ በቀይ ፌይልድ አለ።

ኢንጂነሩ ጫልቱን አየ።

ቀጥሎ ጫልቱ በራሷ ላፕቶፕ ስክሪፕቱን አስኬደች። ስክሪፕቱ ገባ፣ ላከ፣ ወጣ፤ "ሱሉልታ፦ ኦኬ" ብሎ ጻፈ።

ኢንጂነሩ አሁን ሁለታችንንም አየን። "ድገሙት" አለ። ደገምነው። በእጅ ሲሆን ፌይልድ፣ በስክሪፕት ሲሆን ኦኬ። አንድ ማሽን፣ አንድ ትዕዛዝ፣ ሁለት መልስ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ኦፕሬተር "ማል ተኤ?" ብሎ ጠየቀ፤ ምን ተፈጠረ ማለቱ ነው።

ዋናውን ጥያቄ የጠየቀችው ጫልቱ ናት። "ጋሽ ደረጀ፣ ስክሪፕቱ ኦኬ ካለው በኋላ ምን ያደርጋል?"

"ይወጣል።"

"ማሽኑ እንደገና አቤት ሳይል?"

ስንገባ አቤት እንዲል እንጠብቃለን፤ ይሄን ኦቦ ድሪባ በመጀመሪያ ቀኔ ነግረውኛል። ስንወጣ ግን ማንም አይጠብቅም ነበር። ኦኬ አለ፣ ሄድን። እዚህ አገር እሺ የተባለ ሰው ደግሞ ምን ይጠብቃል? "እሺ" ከተባለ ቆሞ መጠበቅ እንደ ነውር ነው የሚታየው፤ አላመንኩህም ማለት ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው ሰውም እንደኛው ያደገ ነው። እሺ ሲባል አመስግኖ ይወጣል።

"እንደገና በእጅ ያስገቡት፤ እኔ መስመሩን ብቻ ልይ" አለች ጫልቱ። "አስቀምጥ" ብዬ ጻፍኩ። "ብልጭ አለ!" አለች። "ከፌይልድ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ነበር።"

በኬብሉ የመጣውን ሁሉ ፋይል ውስጥ ገለበጥነው፤ ምንም በማይደብቀው ፕሮግራም ከፈትነው። እየጠቆምኩ ለኢንጂነሩ አነበብኩለት።

"ይሄ የእኛ ትዕዛዝ ነው። ይሄውልህ መልሱ፦ ኦኬ።"

"ኦኬ ብሏል?"

"ብሏል። ቆይ፣ አላለቀም። ይቺ ምልክት 'ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ' ናት። ይቺ የማትታየዋ፣ ከዚያ ቅንፍ፣ ከዚያ ኬ የምትል ፊደል፤ 'ከዚህ ጀምሮ ያለውን አጥፋ' ማለት ነው። ይሄ ቀይ ቀለም። ይሄ ፌይልድ። ይሄ ቀለሙን አቁም። እዚህ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስሙና መሰላሉ፤ አቤት አለ።"

ትዕዛዙን እንደሰማ ነው ኦኬ የሚለው። ከዚያ በኋላ ነው ካርዱ ላይ ለመጻፍ የሚሞክረው። ካርዱ ደህና በነበረበት ዘመን ኦኬው ባለበት ይቀር ነበር፤ ስክሪፕታችንም ትክክል ነበር። ካርዱ ሲያረጅ ግን ማሽኑ ሞክሮ ያቅተዋል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኦኬውን ይሰርዛል፣ በዚያው ቦታ ላይ ፌይልድ ይጽፋል። ዓይን ያለው ሰው የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ጆሮ ብቻ ያለው ስክሪፕት የመጀመሪያውን ሰምቶ ሄዷል። ኦቦ ድሪባ "ስታገኘው ትነግረኛለህ" ያሉኝ ሳል ይሄ ነበር።

ኢንጂነር ሳምሶን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። "እሺ ብሎ፣ እሺታውን ደምስሶ፣ አልቻልኩም ይላል?"

"አዎ።"

"እዚያው መስመር ላይ?"

"እዚያው።"

"የእኔ አናጢ ነዋ!" አለ። ቁም ሣጥን ያዘዘው አናጢ እሺ ካለው መንፈቅ አልፎታል። ከዚያ ወደ ጫልቱ ዞረ፤ ትንሽ አፈረ። "እንግዲህ አልዋሸሽም" አላት። "ለአቶ ታደለ እደውላለሁ። እሺ?"

ጫልቱ አንገቷን ደፍታ "እሺ" አለች። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። የደስታ ይሁን የንዴት አልጠየቅኳትም። እኔ ግን ጠዋት "አላውቅም" ያልኩት ምላሴ ላይ መራራ ሆኖብኝ ነበር።

በማግስቱ አቶ ታደለ ጋ ገባሁ። ኢንጂነሩ አልደወለም። እኔ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ካርዱ፣ ኦኬው፣ ሳሉ፣ ፌይልዱ። "አትመጥንም" የሚለውን ጽሑፍ እንደማልጽፍ፣ ልጅቷ ቋሚ መሆን እንዳለባት፣ ደንበኛውም ይህንን ከእሳቸው አፍ መስማት እንዳለበት ነገርኳቸው።

"እሺ፣ ገባኝ። እሺ፣ እሺ፣ እናደርጋለን" አሉኝና ወደ ኮምፒዩተራቸው ዞሩ።

አልወጣሁም።

ትንሽ ቆይተው ቀና አሉ። "ሌላ ጉዳይ አለህ?"

"የለኝም። ይሄው ነው።"

"እሺ ብዬሃለሁ እኮ።"

"ሰምቻለሁ" አልኩ። ቆምኩ። በዚያ ቢሮ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አቶ ታደለ እሺ ካሉ በኋላ ቆሞ የቀረ ሰው አይቼ አላውቅም። ታች ቆርቆሮ መጫን ጀመሩ። እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ፣ እኔ ስልካቸውን አያለሁ።

ጩኸቱ ሲቆም ስልኩን አነሱ። ኢንጂነር ሳምሶንን አገኙት። እሱም "አዎ፣ ልደውል ነበር፣ ልጅቷ ላይ የተናገርኩትን አንስቻለሁ" አላቸው፤ ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ዘጉና እኔን አዩኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ተንፍሰው ለወይዘሮ አስቴር ደወሉ። "የዚያችን ልጅ ስንብት ተዪው። የቋሚነት ደብዳቤዋን አምጪልኝ።" ወይዘሮ አስቴርም እሺ አለች።

አሁንም አልወጣሁም። ወይዘሮ አስቴር ደብዳቤውን ይዛ ገባች፤ እዚያ እንደ ሐውልት የቆምኩትን አይታ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ተመለከተች። አነበቡት። ፈረሙ። ማኅተም መታችበትና ይዛው ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ "ጫልቱ! ነይ ፈርመሽ ውሰጂ" ስትል ሰማሁ።

አቶ ታደለ ብዕራቸውን ከድነው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ቀና ብለው አዩኝ።

"አቤት!" አሉኝ። "ደግሞ ምን ቀረ?"

"ምንም አልቀረም" ብዬ ወጣሁ።

ሱሉልታ አዲስ ካርድ ገባ። ስክሪፕቱን ያስተካከለችው ጫልቱ ናት። ዛሬ የእኔን ወንበር የያዘችው እሷ ስትሆን፣ አዲስ የሚቀጠሩትን ስለ አቤትና ስለ ሳል የምታስተምረውም እሷ ናት። አናቱ ላይ የነበረውን "አትንኩት" አጥፍታ በአማርኛ ፊደል "ከተጠራጠራችሁ ንኩት" ብላ ጽፋበታለች። ተፍኪ ሄጄ ለኦቦ ድሪባ ያቺን ሁለተኛዋን ሳል እንዳገኘናት ነገርኳቸው። "ማን አገኛት?" አሉኝ። ጫልቱ ናት አልኳቸው። "ቶሌ" አሉና ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው። እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ ጨርሻለሁ ማለት አይደለም። እሺ ሲባል አትውጡ። እንደገና አቤት እስኪል ጠብቁ፣ ከዚያ መስመሩ ላይ የቀረውን አንብቡ።